ጓንዡ ላይ ያልተገዛው ቬሎ

ባለቤቴ ጉልበቷን ኦፕሬሽን ባትሆን ኖሮ እኔ ቻይናን አላይም ነበር። ቬሎ መግዛት የእናት ሥራ ነው። ለዚያውም እኔ ገበያ የማልወድ ሰው ነኝ፤ ሱሪ ሲያልቅብኝ አትላንታ ዳር፣ ማሪዬታ፣ ቤታችን አጠገብ ካለው ሱቅ ገብቼ ያንኑ ቁጥር፣ ያንኑ ቀለም አንስቼ እወጣለሁ። ለክቼ እንኳ አላውቅም። ግን ልጃችን ልታገባ ነው፤ ሠርጉ በመጸው ቅጠሉ ሲረግፍ አትላንታ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል፤ እሷ ደግሞ ለሥራ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ናት። እናትና ልጅ በስልክ ሲመካከሩ ከርመው፣ አሜሪካ የሚሸጠውም ቢሆን ከዚያው አይደል የሚመጣው ብለው፣ ቬሎው እዚያው ይሠራ አሉ። ባለቤቴ ልትሄድ ሻንጣ ካወረደች በኋላ ነው ሐኪሙ ጉልበትሽ ኦፕሬሽን ሆኖ እስኪድን ረጅም በረራ አይታሰብም ያላት። አልጋ ላይ እግሯን በትራስ ከፍ አድርጋ ተኝታ፣ «እንግዲህ አንተ ትሄዳለህ» አለችኝ። አስተያየቴን አልጠየቀችኝም፤ እኔም ሰበብ አልነበረኝም። የምነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም እዘጋለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ልጃችን ዲቪ ደርሶን አትላንታ ስንገባ ገና በእቅፍ ነበረች። እዚያው ማሪዬታ አድጋ፣ ኢንጂነሪንግ ተምራ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። ዕቃው የሚሠራው ጓንዡ ዙሪያ ባሉ ፋብሪካዎች ስለሆነ ጥራቱን እንድትቆጣጠር ለአንድ ዓመት ላኳት። እጮኛዋ እዚያው አትላንታ ዙሪያ የዱሉዝ ልጅ ነው፤ ፋርማሲስት፤ ጨዋ፤ የቤተሰብ ወዳጆቻችን ልጅ። ኮሌጅ ሳሉ ጀምሮ አብረው ናቸው። በወጉ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ውስጥ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ለምነው፣ እኛም ሰጥተናል። አዳራሹ ተይዟል፤ ዲፖዚቱ ተከፍሏል።

እኔን የሚከነክነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ለመናገር የሚያሳፍር ዓይነት ነው። ልጄ ከእጮኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ የምትጠቀምበት የተለየ ድምፅ አላት። ቀጭን፣ ታጥቦ የተተኮሰ ድምፅ። ኢንሹራንስ ቢሮ ስትደውል የምትሰማው ዓይነት። ከእናቷ ጋር ስታወራ ትጮኻለች፣ ትነታረካለች፣ ከጓደኞቿ ጋር እስኪያስላት ትስቃለች። ከእሱ ጋር ግን «ኖ፣ ኖ፣ ኢትስ ፋይን» ነው። አንድ ቀን ለባለቤቴ ብነግራት፣ «ተከባብረው ነው፤ ምን ይሁኑልህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ተውኩት። የትኛው አባት ነው ልጄና እጮኛዋ ከመጠን በላይ ተከባበሩ ብሎ የሚያማርር?

ጓንዡ ስደርስ ዝናብ እየጣለ ነበር። የአትላንታን የበጋ ሙቀት ለምጃለሁ፤ ይሄኛው ግን እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ እንደመጣል ነው። ልጄ አየር ማረፊያ በር ላይ ጠብቃ አቀፈችኝ፤ ከስታለች። ታክሲው ውስጥ ከሹፌሩ ጋር በቻይንኛ ስታወራ ሳይ ኮራሁ። ቋንቋዋ የተሰባበረ እንደሆነ እሷው ነገረችኝ፤ ለእኔ ግን ያው ነው፤ ሰውየው ይመልስላታል። የሚያስፈልገን ሁሉ እንዴት እንደሚገኝ አስባበታለች። በመጀመሪያ ለዓይን ያህል ውዱን ቦታ እናያለን፣ ከዚያ የቬሎ ሱቆች የተደረደሩበት ጎዳና እንሄዳለን፣ ካልሆነ ጨርቅ ገዝተን እናሰፋለን አለችኝ። የሥራ ሚቲንግ የምታስረዳ ነበር የምትመስለው።

በማግስቱ የወሰደችኝ መሥሪያ ቤቷ አካባቢ ወዳለ ትልቅ ሞል ነው። ወለሉ እብነ በረድ ነው፤ ጫማዬን ወለሉ ውስጥ አየሁት፤ አለመጥረጌ ቆጨኝ። እያንዳንዱ ሱቅ በር ላይ ነጭ ጓንት ያደረገ ዘበኛ ቆሟል። አንዱ የቦርሳ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወጣት ሴቶች በገመድ ታጥረው ተሰልፈዋል። ውስጡን አየሁት፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከገዢው ሻጩ ይበዛል። ታዲያ ለምን አያስገቧቸውም ብዬ ልጄን ጠየቅኳት።

«አባዬ፣ መሰለፉም እኮ አብሮ ነው የሚሸጠው» አለችኝ።

የቬሎው ሱቅ ያለው ከላይ ነው። ቀጠሯችን እስኪደርስ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ወንበሩ በሙሉ የወንዶች ነው፤ የሚስቶቻቸውን ቦርሳና ከረጢት ታቅፈው የተቀመጡ ወንዶች። ከጎኔ ያለው ሰውዬ በእኔ ዕድሜ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ቀይ የሴት ቦርሳ አስቀምጧል። ለስልኩ የሆነ ነገር ነገረውና ስልኩ በእንግሊዝኛ፣ ልጅህ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ልታገባ ነው አልኩት። ስልኩ ተረጎመለት። ሰውየው አየኝና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። የደስታ ይሁን የሐዘን አላወቅኩም።

ሱቁ ውስጥ ጫማችንን አስወልቀው ነጭ ነጠላ ጫማ ሰጡን። ትንሽ ብርጭቆ ሻይ አመጡልኝ። ልጄን ከመጋረጃ ጀርባ ወሰዷት። መጋረጃው ሲከፈት ክብ መድረክ ላይ ቆማለች፤ ቬሎው ከትከሻዋ እስከ መሬት ይወርዳል፤ ሻጮቹ ጫፉን እያነሱ ይዘረጋሉ። ዙሪያውን መስታወት ነው። እኔ ከኋላዋ ስለተቀመጥኩ ፊቷን ያየሁት በመስታወቱ ነው።

አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ከፊቱ መንገዱን፣ ከራሱ በላይ ደግሞ ትልቅ መስታወት ያያል። ልጆቹ የሚያያቸው ሰው እንዳለ ይረሳሉ። ዓመታት ሲያልፉ ፊት ማንበብ ትለምዳለህ፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ቁርስ እንዳልበላ፣ ማን ፈተና እንዳለበት ሳይነግሩህ ታውቃለህ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሰን ሁሉም ሲወርድ፣ ቦርሳውን አቅፎ መቀመጫው ላይ የሚቀር ልጅ አለ። አያለቅስም፤ አሞኛልም አይልም። ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ደርሰናል ካልከው ፈገግ ብሎ ይወርዳል። መስታወቱ ውስጥ ያየሁት ያንን ፊት ነው።

«አባዬ፣ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«በጣም ያምራል» አልኳት። ቬሎው በእርግጥ ያምር ነበር።

ሻጯ ዋጋውን ካልኩሌተር ላይ ጽፋ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። መጀመሪያ ስልክ ቁጥሯን የሰጠችኝ መሰለኝ። ልጄ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሻጯም ጨዋ ስለሆነች አብራን ሳቀች። ሻዬን ጨርሼ ጫማዬን አድርጌ ወጣን። በመንገድ ላይ ምንም ቅር እንዳልተሰኘች ሳይ፣ ከዋጋው የዳንኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። እንዴት ግን አንዲት ሙሽራ እንደዚያ ያለ ልብስ ለብሳ አውልቃ አንዴ እንኳ ዞራ ሳታየው ትወጣለች? ይሄን ያሰብኩት ማታ ነው፤ አስቤም ሴቶች በዚህ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ ብዬ ተኛሁ።

የቬሎው ጎዳና ሌላ ዓለም ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ በነጭ ነው፤ በየመስኮቱ ራስ የሌላቸው ሙሽሮች ቆመዋል። ሻጮቹ እስከ እግረኛ መንገድ ወጥተው እጅ ይይዛሉ። ጠዋት ስለሄድን አትላንታ ገና ምሽት ነበርና ባለቤቴም በቪዲዮ አብራን ገበያ ወጣች። እዚያ አገር የለመድናቸው አፖች ስለማይሠሩ ልጄ የቻይኖቹን ጭናልናለች። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታዛለች፤ ወደ ላይ አድርገው፣ ወደ ታች አድርገው፣ ወገቡን አሳየኝ፣ አንተ ጣትህን አንሳ። ኔትወርኩ ይቆረጥና የተከፈተ አፏ ይቀራል። ሻጮቹ ከስልኩ ውስጥ ለምታዛቸው ሴትዮ እጃቸውን ያውለበልባሉ።

ልጄ የተባለችውን ሁሉ ለበሰች። ይሄኛው ይሻላል ሲባል ይሻላል፣ ያኛው ሲባል ያኛው። እናቷ «አንቺ የቱን ነው የወደድሽው?» ስትላት፣ «ሁሉም ፋይን ነው፤ እንደፈለጋችሁ» አለች። የእኔ ልጅ! በልጅነቷ አንድ ካልሲ ለመምረጥ ከእናቷ ጋር ሱቅ መሃል የምትጨቃጨቅ ልጅ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ ልጇን አየቻት። ከዚያ፣ ደክሟት ይሆናል፣ ነገ ጨርቁን እዩ አለችን።

የጨርቁ ገበያ ሰፈር እንጂ ገበያ አይባልም። ሕንፃ ከሕንፃ የተያያዘ፣ ውስጡ ጨርቅ ብቻ። ጣቃው እንደ ግንድ በትከሻ፣ በጋሪ፣ በባለሦስት እግር ሞተር ይጓዛል፤ ከኋላህ የሆነ ነገር ይጮሃል፣ ዘወር ካላልክ ይገጭሃል። ሞሉ ውስጥ ትንፋሼን ውጬ ነበር የምሄደው፤ እዚህ ግን ሰውነቴ ተፍታታ። ሰው ይጮሃል፣ ይበላል፣ ጣቃ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል፣ ሕፃን ቁርጥራጭ ጨርቅ ውስጥ ይጫወታል። ዋጋ በካልኩሌተር ይነገራል፤ ሻጩ ይጽፋል፣ አንተ ታጠፋና ትጽፋለህ፣ እሱ ልቡን ይዞ የሞተ ይመስላል፣ እንደገና ይጽፋል።

አንድ የሳቲን ሱቅ ፊት ቆመን እያለ ከኋላችን በአማርኛ፣ «ሐበሻ ናችሁ አይደል?» የሚል ድምፅ ሰማን። ወፈር ያለች፣ ፊቷ የሚስቅ ሴት ናት፤ መርካቶ የመጋረጃ ሱቅ እንዳላት፣ ጓንዡ እየተመላለሰች ዕቃ እንደምትጭን ነገረችን። ለማን ነው ጨርቁ አለች። ልጄ ልታገባ ነው አልኩ። ሴትዮዋ የእኔንም የልጄንም ጉንጭ ሳመችና ወዲያው ነገሩን በእጇ አስገባችው። ሻጩን ታውቀዋለች። ካልኩሌተሩን ቀማችው፣ ተከራከረችው፣ በመጨረሻ ሰውየው እጁን አነሳና መቀሱን አወጣ። ነጩን ሳቲን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለካ። መቀሱን ጫፉ ላይ አስጠጋ።

ያኔ ነው ሴትዮዋ፣ «የአብርሃም የሣራ ያድርግልሽ!» ብላ እልል ያለችው። ያ እልልታ ጣሪያውን ነቀነቀው። ከየሱቁ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ ነገሩን ሲረዱ አጨበጨቡ፤ ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። ልጄ መሃል ላይ ቆማለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሰዉ የደስታ መስሎት ይበልጥ አጨበጨበ። ሴትዮዋም ዓይኗን እየጠረገች፣ «አይዞሽ፣ እኔም እንዲሁ ነው ያለቀስኩት» አለቻት። እኔ ግን ያ ለቅሶ የደስታ እንዳልሆነ አወቅኩ። እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ፤ ትከሻዋ ነው መሰለኝ። እጄን ዘርግቼ የሻጩን መቀስ ያዝኩ። ሰውየው ደነገጠ፤ ሴትዮዋም እልልታዋ አፏ ላይ ቀረ። ትንሽ አየር ትውሰድ፣ እንመለሳለን አልኩና ልጄን ይዤ ወደ ደረጃው በኩል ወጣሁ።

ደረጃው ሥር ጣቃዎች ተከምረው ነበር። እነሱ ላይ ተቀመጥን። ውኃ ገዝቼ ሰጠኋት። ባለጋሪዎቹ ያልፋሉ፣ ያዩናል፣ ያልፋሉ።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ። «አላገባም ብልህ ትቆጣለህ?»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ብናገር ለአባት የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል። ሊከፋኝ፣ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ሽማግሌ የገባበት ነገር ነው፤ ዘመድ የሰማው ነገር ነው። ግን ከደረቴ ላይ አንድ ሰው የተነሳ ያህል ነው የተሰማኝ። ያን ሁሉ ወራት ትንፋሼን ቆጥቤ ስኖር እንደነበረ ያወቅኩት ገና ያኔ ነው።

«አልቆጣም» አልኳት። «አስቀይሞሽ ነው?»

አላስቀየማትም። ይሄንን ደጋግማ ነገረችኝ፤ እንዳልጠረጥረው ፈርታ። ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ነገሩን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየደባለቀች አስረዳችኝ። መጀመሪያ ኮሌጅ ሳሉ አብረው መሆናቸው ለሁሉም ደስ አለው፤ እሷም ደስ አላት። ከዚያ ቀለበት፣ ከዚያ ሽማግሌ፣ ከዚያ አዳራሽ። እያንዳንዱ ጥያቄ ሲመጣ ትንሽ ስለሆነ እሺ ለማለት ቀላል ነበር፤ እሺ ባለች ቁጥር ሰው ይደሰታል፤ ሰው በተደሰተ ቁጥር ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳል። ጓንዡ የመጣችው ራሷን ለማጥናት እንደነበረ ነገረችኝ። እዚህ ብቻዋን ስትሆን ናፍቆት ይመጣል ብላ ጠበቀች። እናቷ ናፈቀቻት፣ እኔ ናፈቅኳት፣ ማሪዬታ ያለችው አሮጌ መኪናዋ ሳይቀር ናፈቀቻት። እሱ ግን አልናፈቃትም። አለመናፈቁ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሳት ጀመር።

«ላይክ፣ ሁላችሁንም ላሳፍራችሁ ነው» አለችኝ። «እማዬ ደግሞ ያ ሁሉ ልፋቷ።»

«ስሚኝ» አልኳት። «እኔ የመጣሁት ጨርቅ ልገዛ ነው። ሳልገዛ ብመለስ እናትሽ ታኮርፋለች፤ ከዚያ አልፎ የሚሞት ሰው የለም።»

ሳቀች፤ ንፍጧ እየወረደ። መሐረቤን ሰጠኋት። ከዚያ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ለሴትዮዋ በጆሮዋ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል አልኳት፤ የቀረውን አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ልጄን በሩቁ አየቻትና ገባት መሰለኝ ምንም አልጠየቀችኝም። ሻጩን በቻይንኛ አንድ ሁለት ቃል አለችው። ሰውየው ሳቲኑ ላይ ገና መቀስ አላሳረፈበትም ነበር፤ ትከሻውን ሰበቀና ጣቃውን እንደገና ጠቀለለው። እኔም የተጠቀለለው የራሴ ጉድ ይመስል እፎይ አልኩ። ሴትዮዋ ስንለያይ ልጄን አቅፋ፣ «እግዜር የሚሻልሽን ያምጣልሽ» አለቻት።

ለእናቷ የነገረቻት ራሷ ናት። እኔ ልንገርልሽ ብላት እምቢ አለች። ጓንዡ ሲመሽ አትላንታ ይነጋልና ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ነበረች፤ በክራንች ተደግፋ እንቁላል ትጠብሳለች።

«እማዬ፣ ቬሎው ቀረ» አለቻት።

ባለቤቴ የጨርቁ ነገር መስሏት ሌላ ሱቅ እንድንሞክር ትመክር ጀመር።

«አይ እማዬ። ሠርጉ ነው የቀረው።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ መሰለኝ የሚታየን ጣሪያው ብቻ ሆነ። እንቁላሉ ሲንጫጫ ይሰማል። ምድጃው ሲጠፋም ሰማን። ልጄ እጄን ጨብጣ ትጠብቃለች። ከዚያ የባለቤቴ ፊት ተመለሰ፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነው።

«እራት በልተሻል?» አለቻት።

አልበላሁም ስትላት እኔን ተቆጣችኝ፤ ልጅቷን ምን እያደረግካት ነው አለች። ከዚያ ልጄ ፊቷን ልትታጠብ ስትገባ ስልኩን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ታውቅ ነበር ወይ ብላ ባለቤቴ ጠየቀችኝ። የድምፅዋን ነገር ነግሬሽ ነበር አልኳት። ነግረኸኛል አለች። ቀጥላም፣ ሙሽራ ቬሎ ስትለካ ተጠማዛ ጀርባዋን እንደምታይ፣ ልጃችን ግን ያን ሁሉ ለብሳ አንዴም ጀርባዋን እንዳላየች፣ እሷም በዚህ የተነሳ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ነገረችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ አንተስ ለምን ዝም አልክ አለችኝ። አዳራሹን እኔ እደውልላቸዋለሁ ብላ ዘጋች።

ልጄ ለእጮኛዋ ስትደውልለት እኔ ወንዙ ዳር ወርጄ ተቀመጥኩ። አባትም ቢሆን የማይሰማው ነገር አለ። መብራት ያበሩ ጀልባዎች ይመላለሳሉ፤ አሮጊቶች በሙዚቃ ይደንሳሉ። ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ምን አለሽ አላልኳትም። እሷም የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው፤ አልጮኸም፣ ብቻ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም አለኝ፤ እሱ እውነቱን ነው።

የቀሩኝን ቀናት እንዲሁ በገበያ አሳለፍናቸው። አሁን የምንገዛው ነገር አልነበረንም፤ ገበያ ደስ የሚለው ለካ ያኔ ነው። የሻንጣ ገበያ፣ የአሻንጉሊት ገበያ፣ የሻይ ገበያ ሄድን፤ መነጽር ብቻ የሚሸጥበት ሕንፃ ገብተን ሁሉንም ሞከርን። ልጄ ስትከራከር አየኋት። ካልኩሌተሩን ነጥቃ፣ ሳቅ እየቀደማት፣ ሄጃለሁ ብላ ጀርባዋን ሰጥታ በጣቷ እየቆጠረች ሻጩ እስኪጠራት ትጠብቃለች። ጠራት። እኔን ቁማር የበላች ያህል አየችኝ። ሙቀቱ ሲበዛብን ሞሉ ገብተን ቀዝቃዛ አየሩን በነጻ እንገዛ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ባለ ነጭ ጓንት ዘበኛ የሱቁን በር ሲከፍትልን ልጄ ገብታ ሰፊ ክንፍ ያለው ባርኔጣ አጠለቀች፤ ዋጋውን ጠየቀች፤ ልክ እንደምትገዛ ሰው አሰብ አድርጋ፣ አይ ለእኔ አይሆንም ብላ በክብር መለሰች። ወጥተን እስክንጠግብ ሳቅን። ለባለቤቴ የሐር ሻርፕ ገዛን። ለእኔ ሸሚዝ ገዛችልኝ፤ ቀለሙን እሷ መረጠች፤ ከእኔ ጋር ለረጅም ሰዓት ተጨቃጭቃ።

አትላንታ ስመለስ የቀረው ከባዱ ነገር ነበር። ሽማግሌ ልኮ ልጃችንን ለጠየቀ ቤተሰብ በስልክ አይመለስለትም። ከእነዚያ ሽማግሌዎች በዕድሜ የሚበልጡትን አዛውንት ይዘን፣ ልጄ የሰጠችኝን ቀለበት በመሐረብ ቋጥረን፣ እኔና ባለቤቴ ዱሉዝ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ባለቤቴ አፏ ደርቆ ውኃ ስትጠጣ ነበር። የልጁ እናት አልወጡም፤ ራሳቸውን አሟቸዋል ተባለ። አባትየው ተቀበሉን። ሽማግሌው ነገሩን በአገር ወግ አቀረቡ፤ እኔ ደግሞ ተነስቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። አባትየው እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ።

«ከሠርጉ በኋላ ከሚሆን አሁን መሆኑ ይሻላል» አሉ። «ይህን አጥቼው አይደለም። ለጊዜው ግን ፊቴ አልፈታ ቢል እንዳይቀየሙኝ።»

«እርስዎ በዚህ አይታሙም» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ስንወጣ ልጁ መኪናችን ድረስ ሸኘን። ባለቤቴን ክንዷን ደግፎ አስገባት፤ በሩንም ዘጋላት። ከዚያ ወደ እኔ በኩል መጣ።

«ጋሼ፣ ኦነስትሊ፣ በእሷ ተናድጃለሁ» አለኝ። ቁልቁል አስፋልቱን እያየ ነው። «ግን ከደወለችልኝ ወዲህ በደንብ መተኛት ጀምሬያለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

አቀፍኩት። ከዚህ በላይ ምን ልለው እችላለሁ?

ወደ ማሪዬታ ስንመለስ ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ራበኝ አለች። ዱሉዝ ካሉት ትላልቅ የእስያ ሱፐር ማርኬቶች አንዱ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ሽማግሌውንም ይዘን ገባን። እሳቸው በሕይወታቸው እንዲህ ያለ የዓሣ ዓይነት አይተው አያውቁም፤ በየገንዳው እየቆሙ ያማትባሉ። እኔም ጓንዡን የማውቅ ሰው ስለሆንኩ ይሄ እንዲህ ይባላል እያልኩ፣ ግማሹን ከራሴ እየፈጠርኩ፣ አስጎበኘኋቸው። ባለቤቴ እንደዋሸሁ ታውቃለች፤ አላጋለጠችኝም።

ልጃችን ጓንዡ ሌላ ዓመት ጨምራ ወደ አትላንታ ተመለሰች። ብቻዋን ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ከእናቷ ጋር ይነታረካሉ። ሐሜቱ እንደፈራነው አልሆነም። አንድ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ሲያየን ወሬውን ያቋርጥ ነበር፤ ከዚያ ሌላ የሚወራ ነገር አገኘ። የልጁ እናት ግን ለረጅም ጊዜ ሰላም አላሉንም፤ አልፈረድንባቸውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጁ ሲያገባ ጥሪ መጣልን። እንሂድ አንሂድ ብለን ሳምንቱን ሙሉ ተከራከርን፤ ሄድን። ሙሽራዋ እዚያው አትላንታ አቅራቢያ የኮንየርስ ልጅ ናት፤ ልጁ ከእሷ ጋር ሲያወራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ ስትመልስለት ይበልጥ ትጮኻለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። አዳራሹ መሃል ላይ እናቱ በሐበሻ ቀሚስ ወደ ጠረጴዛችን ሲመጡ ባለቤቴ እጄን ጨመቀችኝ። እናትየው ሳህናችንን አዩ፤ ያነሳነውን ምግብ አልነካነውም ነበር።

«ምን ሆናችሁ? ብሉ እንጂ» አሉን፤ ቆመውም ጠበቁን።

በላን።